ሃምሳ ሲሲ በእንጦጦ ዳገት

ሞተር ብስክሌቶቹ ከመጋዘን ወጥተው በመሥሪያ ቤታችን ግቢ የተሰለፉ ዕለት እኛም ፊት ለፊታቸው ተሰልፈን ነበር። ሦስት ሞተር፣ ሦስት ሰው። እነሱ የተደረደሩት በጉልበታቸው ነው፣ እኛ በማዕረጋችን። መቶ ሰባ አምስት ሲሲው ለክፍሉ አለቃ ሆነ። አለቃችን ከቤቱ እስከ ቢሮው የሚሄድበት መንገድ አስፋልት ነው፤ ዳገት የሚያየው የቢሮውን ደረጃ ሲወጣ ብቻ ነው። መቶ ሃያ አምስቱ የሰበታን መንገድ ለሚሠራው ባልደረባዬ ተሰጠ፤ በአገልግሎት ይበልጠኛል። ለእኔ ሃምሳዋ ቀረች። የማን መንገድ እንደሚከብድ፣ ማን ምን እንደሚጭን የጠየቀ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ፣ ፈርሜ ተረከብኩ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሥራዬ ከብት መከተብ ነበር። ገበሬው "ሐኪም" ይለኛል እንጂ ሐኪም አልነበርኩም፤ የጥቂት ወራት ትምህርት ቀስሜ፣ መርፌና ነጭ ጋዎን ተሰጥቶኝ የተላክሁ ሰው ነኝ። ክትባቱ አዲስ አበባ ካለው መሥሪያ ቤታችን በጠርሙስ ይወጣል። ጠርሙሱ በረዶ በሞላው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶው በሰጋቱራ ይሸፈናል፣ ሳጥኑ ከኋላዬ ይታሰራል። በረዶው ሳይቀልጥ ከብቱ ዘንድ መድረስ አለብኝ። ጠርሙሱ ከሞቀ መድኃኒቱ ሞተ ማለት ነው፤ ያንን መውጋት ውኃ እንደመውጋት ነው። ሞተር የተሰጠኝም ከዚያ በረዶ ጋር እንድሽቀዳደም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሃምሳዋን መጀመሪያ ላይ አልጠላኋትም። የተመደብኩት ቡራዩ ነበር። የቡራዩም መንገድ ዳገት አለው፤ ግን ትንፋሽ እየሰጠ የሚወጣ ዳገት ነው፣ ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይሜዳል። ገና ከሩቅ ሞተሯን አስሩጬ እመጣለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ እይዘዋለሁ፣ እያቃሰተችም ቢሆን ታወጣኛለች። ቤንዚን እንደ ወፍ ነው የምትጠጣው። በገበያ ቀን በአህያና በበግ መካከል እንደ መርፌ ትሹለከለካለች። አንድ ሰው ያኔ "ለዕለት ተዕለት መንገድ ስንት ሲሲ ይበቃል?" ብሎ ቢጠይቀኝ ያለምንም ማመንታት ሃምሳ እለው ነበር። ለቡራዩ ሃምሳ በቂ ነበር።

ከዚያ ወደ ሱሉልታ አዛወሩኝ። ሞተሯን ግን አልቀየሩልኝም፤ አብራኝ መጣች። በመሥሪያ ቤታችን ሞተር የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለመንገድ አልነበረም። ቡራዩ የተተካኝ ሰው ከእኔ የበለጠ ማዕረግ ስለነበረው አዲስ መቶ ሃያ አምስት ተፈቀደለት። እሱ በዚያ ቀላል መንገድ በመቶ ሃያ አምስት ሲንሸራሸር እኔ እንጦጦን በሃምሳ እንድሻገር ተፈረደብኝ።

የሱሉልታን መንገድ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከከተማ ከወጡ በኋላ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ነው፤ ትንፋሽ አይሰጥም። ጫፍ ከደረሱ በኋላ ወዲያ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፣ ለማንም ሞተር አይከብድም። ችግሩ እስከ ጫፉ ነው። ከላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ከጣሊያኖች ሥራ የለመደ አንድ መካኒክ ካንዴላዋን ሊያጸዳልኝ ፈትቶ እያየ "ሞተርም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል፤ ከታች ሁለት ፈረስ ከሆነች ከላይ አንድ ተኩል ናት" አለኝ። ከዚያ አንድ ተኩል ላይ እኔን ቀንሱ፣ በረዶውን ቀንሱ፣ ሳጥኑን ቀንሱ። የሚተርፍ ነገር የለም።

ዘዴ ፈለግሁ። ከታች ሜዳው ላይ ሙሉ በሙሉ አስሩጬ እመጣለሁ። ዳገቱን በሩጫ ከያዝኩ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዝኩ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት እወጣለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ማድረግ አይቻልም፤ መቆምና እንደገና መነሳት። አንድ ጊዜ ከቆምኩ፣ ሳጥኑን ጭና ሞተሯ ከዳገቱ አትነሳም። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ትንቀጠቀጥና እርፍ ትላለች። ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች እየሳቁ ያልፉኛል። አንዷ አንድ ቀን ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም ከእኔ ሳጥን ሦስት እጥፍ እየሆነ "ልጄ፣ እሷ ናት አንተን የምትሸከመው ወይስ አንተ ነህ እሷን?" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ማመልከቻ ጻፍኩ። እንዲያ ባለ ትሑት ቋንቋ የጻፍኩት ደብዳቤ ዛሬ ቢገኝ በገዛ እጄ አቃጥለዋለሁ። "በታላቅ አክብሮት" ብዬ ጀምሬ፣ "ከእግርዎ ሥር ወድቄ" ብዬ ቀጥዬ፣ በመካከሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሞተሩ ዳገቱን እንደማይችል ገለጽኩ። አለቃችን አስጠራኝ። እንድቀመጥ አልጋበዘኝም።

"ሁለት የፈረስ ጉልበት አለው ይላል መጽሐፉ" አለኝ። "አንተ ከዚህ በፊት ስንት ፈረስ ነበረህ?"

"አንድም አልነበረኝም፣ ጌታዬ።"

"እንግዲያ ምን ትላለህ?"

በቢሮው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወረቀቴን ወስዶ ዳር ላይ በቀይ እርሳስ "ለመደበኛ ምልልስ በቂ ነው" ብሎ ጻፈበትና መለሰልኝ። "በቂ" የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ የምጠላው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ነው። ለማን በቂ? ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮባት የወረደ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። የሌላውን ሰው ጉልበት መመጠን የሚቀናው ሁልጊዜ ለማይሸከመው ነው። ሰው ሞተር ሊገዛ ሲል ስንት ይሮጣል ብሎ ነው የሚጠይቅ፤ አላዋቂነት ነው። የሚጠየቀው፣ ጭነቱን እንደጫነ ከከፋው ዳገት መካከል ቢቆም ተመልሶ ይነሳል ወይ ነው። ከዚያ ያነሰ ሁሉ መጫወቻ ነው። ይህን በቁጣ እንጂ በመጽሐፍ አልተማርኩትም።

ትምህርቱ የመጣው ደግሞ "ደስታ" የሚሉት የከብት ወረርሽኝ በገባ ዓመት ነው። እንዲህ ያለ ስም ለእንዲህ ያለ በሽታ ማን እንዳወጣለት አላውቅም። የያዘው ከብት ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ በሳምንት ውስጥ ይወድቃል። በሽታው ከሱሉልታ ወዲያ ባለው ቆላ ገብቷል ተባለ። ገና ያልደረሰበትን ቀድመን እንድንወጋ ታዘዝን።

በሱሉልታ ሜዳ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ሁላችንም በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ ኦቦ እንላቸዋለን። መሬቱ የእሳቸው አይደለም፤ ጭሰኛ ናቸው። ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ ሁለቱም ቀያዮች፣ ከጥጃ ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጓቸው። ያንን ጥማድ ካጡ አያርሱም፣ ካላረሱ ባለመሬቱ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። ይህ በዚያ አገር ለማንም ምስጢር አልነበረም። በሽታው መቅረቡን ሲሰሙ አባቶቻቸው ያደርጉት የነበረውን ሊያደርጉ ተነስተው ነበር፤ በሬዎቹን ነድቶ በሽታው ያልደረሰበት ዘመድ ዘንድ መሸሽ። አማቾቻቸው ከቡራዩ ወዲያ ናቸው። "እስከ ሐሙስ ይጠብቁኝ፣ ኦቦ፤ መድኃኒት አመጣለሁ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት በረዶዬን ጭኜ ወጣሁ። ሞተሯ የዚያን ዕለት ደህና ነበረች። ዳገቱን በሩጫ ያዝኩት፤ ከባሕር ዛፉ ግማሽ በላይ አለፍኩ፤ ልቤ ሞላ። ድንገት መታጠፊያው ላይ ከፊቴ በቅሎ ብቅ አለች።

ኦቦ የሚያርሱት መሬት ባለቤት የሆኑት ፊታውራሪ ነበሩ። ጥቁር ካባ ደርበው፣ በበቅሎ ተቀምጠው፣ ጠብመንጃ የያዙ አሽከሮች በግራ በቀኝ አጅበዋቸው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። በዚያ ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ትልቅ ሰው ሲያጋጥመው ይወርዳል፣ ከመንገድ ዳር ይቆማል፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ይነሳል፣ "ሂድ" እስኪባል አይሄድም። ስለ ሞተር የተባለ ነገር አልነበረም። የሰበታው ባልደረባዬ ለትልቅ ሰው ይቆማል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ አንዴ ረግጦ አስነስቶ ይሄዳል፤ መቶ ሃያ አምስት ነዋ። ለእሱ ትሕትና ምንም አያስከፍለውም። እኔ ግን ከቆምኩ ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። በደንብ አውቄዋለሁ። በአእምሮዬ በረዶው፣ ኦቦ፣ ሁለቱ ቀያይ በሬዎች ሁሉ መጡ። አንዱ አሽከር ውረድ ለማለት ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ወረድኩ።

ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህም ያናድደኛል። የቸኮሉ ቢሆኑ ኖሮ እንዳዩኝ ያልፉኝ ነበር። አልቸኮሉም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የአባቴን አገር ሰው እንደሚያውቁ ነገሩኝ፤ ሰውየው በሕይወት አለ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ቀጥለው ሞተሯን በአለንጋቸው እያሳዩ፦

"ይህ የምትጋልበው ስንት ፈረስ ያህላል?"

"ሁለት ይላሉ፣ ጌታዬ።"

"ሁለት ፈረስ እንዲህ ያቃስታል?"

አሽከሮቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፀሐዩ ሳጥኑን ፊት ለፊት ይመታዋል። የሰጋቱራው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ በጫማዬ አጠገብ አፈሩን ያርሳል፤ እሱን እያየሁ እስቃለሁ። "ጌታዬ፣ መድኃኒቱ ይሞትብኛል፣ ይፍቀዱልኝ" ማለት ይቻል ነበር። አምስት ቃል አይሞላም። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ "በል እንግዲህ፣ ከብቱን ውጋና ባላገሩ አርፎ ይረስ። በሽታ መጣ እያለ መሬቴን ጥሎ እንዳይሸሽ ንገረው። ሂድ።"

ሲርቁ ሞተሯን ረገጥኳት። ተነሳች። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ እርፍ አለች። እንደገና። እንደገና። የፍሪሲዮኑ ሽታ አፍንጫዬን እስኪያቃጥለው። ከዚያ መግፋት ጀመርኩ። አሥር እርምጃ ገፍቼ ድንጋይ ጎማው ሥር አደርጋለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ። አለቃዬን እየተሳደብኩ ገፋሁ፣ ፊታውራሪን እየተሳደብኩ ገፋሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማንም በሌለበት። ሰው ባለበት ያላወጣሁትን ለባሕር ዛፍ አወጣሁት። ቅጠል የጫነች አንዲት እናት ቆማ አየችኝና ያን ዕለት አልሳቀችም።

ከጫፉ ላይ ሳጥኑን ከፈትኩ። በረዶ የለም። ጠርሙሶቹ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። መመሪያችን ግልጽ ነው፤ ድፋውና ተመለስ ይላል። ተመልሼ ሌላ ለማግኘት ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ለምን እንደደፋሁም ማስረዳት አለብኝ። ለማን? ወረቀቴ ዳር ላይ "በቂ ነው" ብሎ ለጻፈው ሰው።

ቁልቁለቱን ወርጄ ሜዳው ላይ ስደርስ ገበሬው ሁሉ ከብቱን ሰብስቦ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ኦቦ ወደ እኔ ሮጡ። ልብሴን፣ ጭቃውን፣ ላቤን አዩ።

"አካም ጅርታ፣ ሐኪም? ነጋዳ?" ብለው ደህንነቴን ጠየቁና "ምነው እንዲህ ሆንክ?" አሉኝ።

"ነጋ ነው፣ ኦቦ። ዳገቱ ነው።"

"ለእኛ ብለህ እኮ ነው የምትለፋው" አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ይልቅ ሲሪንጁን አወጣሁ። ጠርሙሱን በመዳፌ ጨበጥኩትና "አሁንም ይቀዘቅዛል" አልኩ ለራሴ። እጄ ነበር የቀዘቀዘው። ሁሉንም ወጋሁ፤ በየተራ፣ ሁለት ሰው ቀንዱንና አፍንጫውን ይዞልኝ። የተወጋውን ሁሉ ጆሮው ላይ በመቀስ ምልክት አደረግሁበት። ሁለቱ ቀያይ በሬዎች ጸጥ ብለው ተወጉ።

ሲያልቅ ኦቦ ወደ ዳር ሳቡኝ።

"ልሂድ ወይስ ልቅር? እውነቱን ንገረኝ። ዛሬ ብነዳቸው ነገ ቡራዩ ማዶ ናቸው።"

"ይቅሩ፣ ኦቦ። ተወግተዋል እኮ። ፊታውራሪም እርሻው እንዳይቋረጥ ብለዋል።"

"ዱጋ?" አሉኝ፤ እውነት? ማለታቸው ነው።

"ዱጋ" አልኩ። ውሸቱን በገዛ ቋንቋቸው ነገርኳቸው። ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። ደጋግመው መረቁኝ።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ሪፖርት አቀረብኩ። ሁሉም ተከትበዋል ብዬ ጻፍኩ። ስለ በረዶው አንድ ፊደል አልጻፍኩም። አንብቦ ደስ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥ አለኝ። "አየህ?" አለኝ። "በቂ ነው አላልኩህም?" የእሱን ቀይ እርሳስ በገዛ እጄ እውነት አደረግሁለት። ሞተሯ ዳገቱን አልቻለችም፤ እኔ ግን እንደቻለች አድርጌ ጻፍኩላት። ከዚያ በኋላ ለሱሉልታ መንገድ ሌላ ሞተር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልሱ የእኔ ሪፖርት ነው።

በሽታው ከአንድ ወር በኋላ ሜዳው ላይ ደረሰ። የታመሙትን እንድቆጥር ላኩኝ። ጆሯቸው ላይ የእኔ የመቀስ ምልክት ያለባቸው ከብቶች ዓይናቸው እያነባ ተኝተው አገኘሁ። የኦቦ አንደኛው በሬ ሞቷል፣ ሁለተኛው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ዝንብ ይከላከሉለታል። ሲያዩኝ ተነሱ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲጮሁብኝ ፈልጌም ነበር።

"የረቢ ነገር ነው፣ ሐኪም" አሉ ፈጣሪን ጠርተው። "አንተ የቻልከውን አድርገሃል። ሰው ሁሉ መድኃኒቱ አይረባም ሲል፣ ያን ዕለት እንዴት ሆነህ እንደመጣህ እኔ ነኝ ያየሁ ብያቸዋለሁ።"

ተሟግተውልኛል! እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሰው ወይ ይወድቃል ወይ ይናገራል። እኔ ደብተሬን አውጥቼ "ሁለት" ብዬ መዘገብኩ፤ ሁለተኛው ገና ሳይሞት።

ፊታውራሪም እንደተጠበቀው አደረጉ። በሬ ያለው ሌላ ጭሰኛ ተገኘ፣ መሬቱ ለእሱ ሆነ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ስናደድ ከረምኩ። በአለቃዬ፣ በፊታውራሪ፣ በሃምሳ ሲሲ፣ በሠራት የጣሊያን ፋብሪካ ሳይቀር። ሄጄ ለኦቦ እውነቱን እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቀን ቀጠርኩ፤ ለራሴ በቀጠርኩት ቀን ሁሉ ሌላ ሥራ ተገኘ።

አንድ ቀን ከሱሉልታ ስመለስ፣ ሜዳው አልቆ ወደ ጫፉ ማቅናት በሚጀምርበት ቦታ ከፊቴ ኦቦን በእግራቸው ሲሄዱ አየኋቸው። ባለቤታቸው ድስትና ቁርበት የጫነች አህያ ትነዳለች። ኦቦ ቀንበሩን በትከሻቸው ተሸክመውታል። ለምን እንደተሸከሙት አላውቅም፤ የሚጠምዱበት የለም። ወደ ከተማ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ መባሉን ሰምቼ ነበር።

የሞተሯን ድምፅ ሰምተው ዞሩ። አወቁኝ። ከመንገዱ ወጥተው ዳር ቆሙ፤ ቀንበሩን አወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ በሽበታቸው ለእኔ ጎንበስ አሉ።

"ነጋቲ፣ ሐኪም!" አሉ፤ ደህና ሁን ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቁም፣ ውረድ፣ ንገራቸው አልኩ ለራሴ። ወዲያው ደግሞ ከቆምኩ ዳገቱ ላይ አትነሳልኝም አልኩ። ራሴን ነቅንቄ አለፍኳቸው፤ ወደ ኋላም አላየሁም። ጫፉ ላይ እስክደርስ ይህንኑ ለራሴ እየደጋገምኩ ነበር፤ አትነሳልኝም ነበር፣ አትነሳልኝም ነበር እያልኩ። ሳጥኑ ግን የዚያን ዕለት ባዶ ነበር። በረዶ የለው፣ ጠርሙስ የለው። ብቆም ኖሮ ሞተሯ ትነሳ ነበር።